መናገሻ ሳይሆን የቀረው አዲስ ዓለም

ስለ አገራችን ጥንታውያን ከተሞች በተነሣ ቍጥር አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር ይጠቀሳሉ፤ ይህም የሚገባቸው ነው። ነገር ግን ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ማለዳ ተነሥቶ ማታ ወደ ቤቱ ለሚመለስ መንገደኛ፣ በዕድሜ ከእነዚህ እጅግ ቢያንስም፣ የአዲስ አበባን ዕድል ሊወስን ጥቂት የቀረው ከተማ በቅርብ ይገኛል፤ እርሱም አዲስ ዓለም ነው። በአንዲት ቅዳሜ ሄደን ያየነውን ለአንባብያን ለማካፈል ወደድን።

ከ18 ማዞሪያ በዊንጌት በኩል ወጥተን አስኮንና ቡራዩን አለፍን፤ የገፈርሳንም ግድብ ተሻገርን። በስተግራችን የወጨጫ ተራራ ከነደኑ ታየን። የመናገሻ ደን ተብሎ የሚጠራውን ይህን ጽድ በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንዳስተከሉት ይነገራል። ቀጥሎም በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተበትን ሆለታን አልፈን፣ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው አዲስ ዓለም ደረስን።

የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከኮረብታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የእርሻ አገር ይመለከታል። ሕንፃው ሲጀመር ግን የታሰበው ለቤተ መንግሥት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን መናገሻ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዛወርበት አንዱ ምክንያት እንጨት ነበር፤ ሠራዊትና ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሲሰፍር ደኑ ለማገዶና ለቤት ሥራ ያልቃልና። በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው አዲስ አበባም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእንጨት እጦት ተጨነቀች። ስለዚህ ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ደን ወዳለበት ወደዚህ ለመዛወር አስበው ሥራውን አስጀመሩ።

አሳቡን ያስለወጠው በተለይ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመት ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቈረጥም ከጕቶው ያቈጠቍጣል። በአዲስ አበባ የድንጋይ ቤት የሠሩትም ሁሉ ንብረታቸውን ጥለው መሄድ አልወደዱም። እንግዲህ መናገሻው ባለበት ጸና፤ የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

በቅጥሩ ያገኘነውን አንድ አረጋዊ ካህን፣ «አባታችን፣ መናገሻነቱ ስለ ቀረባችሁ አይቈጫችሁም?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ቤተ መንግሥቱ ቢቀር እመቤታችን ቀረችልን፤ ምን ጐደለብን?» አሉን።

ሲመሽ ወደ ኮልፌ ስንመለስ እንጦጦ በስተሰሜን ጠቍሮ ታየን። ባሕር ዛፉ አፈሩን ያደርቃል፣ ሌላ ተክል አያስጠጋም ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም ከንቱ አይደለም፤ በተራራው ላይ የአገር ዛፍ መልሶ የመትከል ሥራ መጀመሩም ስለዚህ ነው። ሆኖም እኛ ያሰብነው ከዚያ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የወረዱትን እናቶች ነው። ዛፉ ቢበቅልም ከየምድጃው ያደረሱት እነርሱ ናቸው። ዛፉ አዲስ አበባን እንዳዳናት በየመጽሐፉ ተጽፏል፤ የእነርሱ ድካም ግን የዚያን ያህል አልተጻፈም። ስለ ከተማችን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ይህን ዕዳ ቢያስብ መልካም ነው እንላለን።