የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር፦ ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እስከ አምባሰል

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተ፣ ከሀገሪቱ አንጋፋ የሙያ ማኅበራት አንዱ ነው። በደቡብ ወሎ፣ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ሐይቅና የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ውጫሌ፣ ደመወዝተኛው በብዛት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የወንጂ ስኳርና የድሬዳዋ ባቡር ሠራተኞች የትግል ታሪክ እዚህ በወሬ ይሰማ እንደሆነ እንጂ በኑሮ አይታወቅም። መምህር ግን ትምህርት ቤት ባለበት ቀበሌ ሁሉ አለ፤ ማኅበሩም አብሮት አለ።

በዚህ አካባቢ ማስተማር ከማኅበሩ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያቆሙት ትምህርት ቤት አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ነው፤ ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌልም እስከ ዛሬ ይገኛል። ጌታና ጀማ ንጉሥ ደግሞ በወሎ የእስልምና ትምህርት ስመ ጥር ማዕከላት ናቸው። የኔታውም ሆኑ ሼኹ በየወሩ ደመወዝ የሚከፍላቸው መሥሪያ ቤት አልነበራቸውም። ከ20ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የመጣው አስተማሪ ግን ቅጥሩም፣ ምደባውም፣ ዝውውሩም፣ የደመወዝ እርከኑም በአንድ አሠሪ እጅ ነው፤ አሠሪው ደግሞ መንግሥት ነው። የማኅበሩ ብርታትም ድካምም የሚመነጨው ከዚህ ነው። የአምባሰሉና የሞያሌው መምህር ብሶት አንድ በመሆኑ፣ አንድ ጥሪ ሀገርን ያንቀሳቅሳል። ነገር ግን ጥያቄው የሚቀርብለት አካልና ማኅበሩን የሚመዘግበው ወይም የሚያግደው አካል አንድ ነው።

የማኅበሩ መነሻ በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተሰባሰቡ ጥቂት መምህራን ናቸው። በ1957 ዓ.ም. ሀገር አቀፍ ማኅበር ሆነ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞች የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርን፣ በአጭሩ ኢሠአማን፣ አቋቁመው ነበር። በዚያው በ1955 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች አጸደቀች።

የማኅበሩ ታላቁ ሰዓት የካቲት 1966 ዓ.ም. ነው። መንግሥት «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ማሻሻያ ጥናት ሥራ ላይ ሊያውል ተዘጋጅቶ ነበር። ጥናቱ ለአብዛኛው ሕፃን የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ፣ ወደ ላይ የሚያልፈው ተማሪ ቁጥር ግን እንዲገደብ ያሳስባል። ወላጆች የድሃ ልጅ መንገድ ሊዘጋ ነው ብለው ተቆጡ። መምህራን ደግሞ ደመወዛቸው እንዳይጎዳና የሥራ ጫናቸው እንዳይበዛ ሰጉ። ጊዜው የወሎ ረሃብ በአምባሰል፣ በየጁና በራያ ሰው የፈጀበት ወቅት ነው፤ በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጧቸው ፎቶግራፎች አዲስ አበባ ላይ ለእይታ ቀርበው ብዙዎችን አስደንግጠዋል።

የካቲት 11 ቀን መምህራኑ ሥራ አቆሙ። በዚያው ዕለት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ መናር ምክንያት አድማ መቱ። የአብዮቱ ታሪክ ሲተረክ ታክሲውና ወታደሩ ጎልተው ይወጣሉ፤ መምህሩ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። ጥያቄውን ከደመወዝ አሻግሮ ከገበሬ ልጅ የመማር ዕድል ጋር ያያያዘው እሱ ነበር። መንግሥት ሴክተር ሪቪውን አዘገየ፤ የነዳጅ ዋጋም ቀነሰ። ያም ሆኖ ከየካቲቱ መጨረሻ በፊት የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ፤ የካቲት 28 ደግሞ ኢሠአማ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጀመረ።

ከአብዮቱ በኋላ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ መምህሩን ወዲያው ተጠቀመበት። ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ ከ60,000 የሚበልጡ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ገቡ። ቀጥሎ በመጣው ቀይ ሽብር መምህራን ከተገደሉትና ከታሰሩት መካከል ነበሩ፤ ማኅበሩም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ዋለ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል፤ ብዙ ሸክሙን የተሸከሙትም መምህራን ናቸው።

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። በዶክተር ታዬ ወልደሰማያት የሚመራው ወገን የመንግሥትን የትምህርት ፖሊሲ ሲተች፣ በዚያው ስም ሌላ አመራር ተመዘገበ፤ ስሙና ንብረቱ ለዓመታት በፍርድ ቤት አከራከረ። ታዬ በግንቦት 1988 ዓ.ም. ታሰሩ፤ በ1991 ዓ.ም. 15 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ በይግባኝ ተቀንሶ በግንቦት 1994 ዓ.ም. ተፈቱ። ከአመራሩ አንዱ የነበሩት አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ስለ እነዚህ በደሎች የቀረበው አቤቱታ የዓለም ሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ ዘንድ ደርሶ በቁጥር 1888 ተመዘገበ። በሰኔ 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለተቀናቃኙ አመራር ፈረደ። የተረቱት በአዲስ ስም ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር አቋቁመው ምዝገባ ቢጠይቁም ተከለከሉ።

በሕግ ፊት የመምህራን ማኅበር ዛሬም የሠራተኛ ማኅበር አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የመደራጀት መብትን ለመንግሥት ሠራተኞችም ይሰጣል። ነገር ግን ከ1985ቱ አዋጅ ቁጥር 42 እስከ 2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156 ድረስ የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከቱም። ስለዚህ በውጫሌ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው የማኅበር አባል ቢሆንም፣ እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ የኅብረት ስምምነት መደራደር አይችልም። ይህ ክፍተት መምህሩን እስካሁን ይጎዳል፤ የእርከን፣ የዝውውርና የቤት አበል ጉዳይ በድርድር ሳይሆን በአቤቱታ የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በትግራይ የጀመረው ጦርነት ውጫሌንና ሐይቅን አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ የመንግሥት ጦር ሁለቱን ከተሞች መልሶ እስከያዘበት እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በአካባቢው ትምህርት ተቋርጦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በዶክተር ዮሐንስ በንቲ በተመራባቸው ዓመታት ማኅበሩ በግጭት ስለተጎዱ መምህራንና በተለያዩ ክልሎች ደመወዛቸው ለወራት ስለዘገየባቸው አባላቱ ለመንግሥት ደጋግሞ አቤት ብሏል።