ድርቅ ከሰማይ፣ ረኃብ ከምድር፦ የጋሸና ደጋ ክፉ ዘመናት

 

ጋሸና ከወልድያ ወደ ወረታ የሚዘልቀው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና ወደ ላሊበላ የሚገነጠልባት ትንሽ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ደጋ ላይ ስለተቀመጠች በነፋሷና በብርዷ ትታወቃለች። የአካባቢው ሰው ዕድሜውን የሚቆጥረው፣ ልጁ የተወለደበትን ዓመት የሚያስታውሰው በክፉ ዘመን ስም ነው፤ «በክፉ ቀን»፣ «በ66»፣ «በ77» ይላል። እኛም በዚህ ጽሑፍ እነዚያን ዘመናት በቅደም ተከተል እያየን አንድ ጥያቄ እናነሣለን፦ የዝናብ መጥፋት አንዳንዴ በችግር ብቻ የሚታለፈው፣ አንዳንዴ ደግሞ እልቂት የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?

አስቀድመን የምድሩን ጠባይ እንይ። ይህ ደጋ ሁለት የዝናብ ወራት አሉት፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። በዋድላና በደላንታ ሜዳ ዋልካው መሬት በክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ ዘግይቶ የተዘራው እህል ደግሞ ፍሬው ሳይጠና የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይደርስበታል። ስለዚህ ብዙው ገበሬ ተስፋውን በበልግ ገብስ ላይ ይጥላል። በልግ ሲቀር ጎተራው ባዶ ይሆናል፤ በሬውም ሣር አጥቶ ለክረምቱ እርሻ ጉልበት ያንሰዋል። በረዶው እንደ ድርቁ አገር አያዳርስም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የአንዱን ማሳ አውድሞ የጎረቤቱን ይተወዋል። ደቦና ቅሬ የመሰሉ የመረዳጃ ልማዶች የኖሩት እንዲህ ላለው ጉዳት ነው። ጉዳቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲመታ ግን ጎረቤት ለጎረቤት የሚያበድረው አይኖረውም።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን የተነሣው በዝናብ እጥረት ብቻ አልነበረም። ጣሊያኖች ወደ ምፅዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው፣ አባቶቻችን «ደስታ» ብለው የሰየሙት የከብት በሽታ ከአገሪቱ ከብት አብዛኛውን ጨረሰ። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ በዚያ ላይ ተደረቡ። ዝናብ በዘነበበት ስፍራ እንኳ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ መሬት ጦም አደረ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ሕዝቡ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ ራሳቸው ዶማ ይዘው አርአያ ሆኑ። የወሎ ሙስሊም ይህ መከራ የደረሰበት ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወዲህ በሃይማኖቱ ምክንያት ተገድዶ፣ ብዙውም ከቀየው ተፈናቅሎ ሳለ ነበር። ረኃቡ ግን ሃይማኖት አልለየም፤ የላስታውን ክርስቲያንና የወሎውን ሙስሊም በአንድነት ቀበረ።

በ1958 ዓ.ም. ዋግና ላስታ ዳግም ተራቡ። ከሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ በ1965 እና በ1966 ወሎ በሙሉ ተጎዳ። መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ ቆየ፤ በጥቅምት 1966 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም እስኪገልጠው ድረስ ብዙ ሺህ ሰው አልቆ ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ይህን ረኃብ መርምረው በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በዚያ ዓመት በአገሪቱ ያለው እህል ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ በደሴ ገበያም ዋጋው እጅግ እንዳልናረ፣ ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የተጫነ እህል እንኳ እንደነበር አስረዱ። የተራበው ሰው የጎደለው መግዣ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ዝናቡ ሲቀር ጦርነት ታከለበት፤ ሰሜን ወሎም ዳግም ተቃጠለ። የኮረም መጠለያ በጥቅምት ወር በቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ደነገጠ። በአገር ደረጃ የሟቾቹ ግምት ከ400,000 እስከ 1 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ከሰሜን ክፍለ ሀገራትም ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍር ተደረገ።

በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት የመጣው ድርቅ እጅግ የከፋ ነበር፤ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ርዳታ አስፈለገው። እንደ 77ቱ ያለ እልቂት ግን አልሆነም። መንገድ ነበረ፤ ከ1997 ጀምሮ የተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነበረ፤ ወሬውም አልተደበቀም። ሰማዩ ያው ሰማይ ነው፤ የተለየው በምድር ያለው ዝግጅት ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ ዑለማእ እንግዳ አይደለም። ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት «አል-ኢልማም»ን የጻፈልን አል-መቅሪዚ፣ ስለ ግብፅ ረኃብም «ኢጋሰቱል ኡማ» የተባለውን ኪታብ ጽፏል። በ9ኛው ምዕተ ዓመተ ሂጅራ መባቻ ለደረሰው ረኃብ ምክንያት ብሎ የቆጠረው በጉቦ የሚሸጠውን ሹመት፣ የመሬት ግብር መናርንና የመዳብ ገንዘብ መብዛትን ነው። ከእርሱ አስቀድሞም በ18 ዓ.ሂ. በዓመተ ረማዳ፣ ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ሕዝቡ እስኪጠግብ ቅቤ አልቀምስም አሉ፤ እህል አስጫኑ፤ በረኃብ የሰረቀን ከመቅጣት ታቀቡ፤ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጎት በዐባስ ዱዓም ዝናብን ለመኑ። በእርሳቸው ዘንድ ዱዓውና እህሉ አልተነጣጠሉም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ብትጨልም፣ ፀሐይም ሆነ ጨረቃ በማንም ሞት እንደማይጨልሙ አስተማሩ። በዚህ መሠረት በሚንበር ላይ ቆመን «ይህ ድርቅ የእገሌ መንደር ኃጢአት ቅጣት ነው» የማለት ሥልጣን የለንም። ተውባና ኢስቲግፋር ለሁላችን ግዴታ ናቸው፤ በተራበው ላይ መፍረድ ግን ከተውባ አይቆጠርም። እንዲህ ያለው ፍርድ በ1966 እህሉን ያሳለፈውንና ወሬውን የደበቀውን ሰው ነፃ ያወጣል፤ የሞተውን ይከሳል።

ስለዚህ ለኢማሞችና ለመምህራን ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ሰላተል ኢስቲስቃእ በሚሰገድበት ሰሞን የዘካ ትምህርትም አብሮ ይሰጥ። ዝናብ ያጠጣው አዝመራ ኒሷብ ሲሞላ ዘካው አንድ አሥረኛ ነው፤ በደጋው የሚታረሰው አብዛኛው መሬት ከዚህ ወገን ነው። በደህና ዓመት በሐቁ የተሰበሰበ ዘካ፣ በልግ በቀረበት ዓመት የጎረቤት ስንቅ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ደረሶች የሽማግሌዎችን ትዝታ ከነዓመተ ምሕረቱ ይጻፉ፤ የትኛው በልግ ቀረ፣ በሬው በስንት ተሸጠ፣ ማን ለማን አበደረ፣ ማን ተሰደደ፣ ማን ተመለሰ የሚለውን ይመዝግቡ። የዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ታሪክ የሚያስተምረን የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት ምርት ለሰባቱ የችግር ዓመታት ማቆየትን ነው፤ ያለፈውን ያልመዘገበ ሕዝብ ለሚመጣው ምን ያህል ማቆየት እንዳለበት አያውቅም። ወላሁ አዕለም።