ከገና እስከ ጥምቀት፦ የገበሬው ጎተራና የእናቶቻችን ሒሳብ



ከማህበራችን አባላት አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ከጎጃም፣ ከመንዝ፣ ከወሎና ከሰላሌ ወጥተን ከተማ ከገባን ብዙ ዘመን ቢሆነንም፣ ታኅሣሥ ሲጋመስ የሁላችንም ሐሳብ አገር ቤት ነው። አንዷ ለእናቷ ነጠላ ትገዛለች፣ አንዷ የበግ መግዣ ትልካለች፣ ሌላዋ ደግሞ «ዘንድሮ እህሉ እንዴት ነው?» ብላ ትደውላለች። በዚህ ጽሑፍ ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ቀናት በገበሬ ቤት ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚያሳስብ፣ ይህም ሐሳብ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ እንዴት እንደመጣ እናወሳለን። የጠቀስናቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በዓል በአውድማ መካከል

ፈረንጆች ገናን የሚያከብሩት በብርድና በበረዶ ወቅት ነው። የእኛ ገና የሚውለው በጋው ገና ሲጀምር ነው። በቤተ ክርስቲያን የወቅቶች አከፋፈል መፀው ታኅሣሥ 25 ቀን ያበቃል፣ በጋ በ26 ይገባል። ገና ደግሞ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ 28 ቀን ነው። ለደጋውና ለወይና ደጋው ገበሬ ይህ ጊዜ የዓመቱ ልፋት የሚለካበት ነው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል። በሬዎች እየዞሩ ያበራያሉ፣ ወንዶች በመንሽና በላይዳ ወደ ነፋስ ይበትናሉ። እህሉ ወደ ጎተራ፣ ጭዱ ወደ ከብቶች ይሄዳል።

የገበሬው ጭንቀትም እዚሁ ነው። ነፋስ ካልነፈሰ ምርቱ ከገለባው አይለይም። ያለ ወቅቱ ዝናብ ከጣለ ክምሩ ውስጥ ገብቶ እህሉን ያበሰብሰዋል፣ ወይም እዚያው ያበቅለዋል። ምስጡና አይጡም አለ። በዚህ መሐል በዓላቱ ይደራረባሉ፤ ገና እንዳለፈ ጥር 7 ሥላሴ፣ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ፣ ጥር 18 ጊዮርጊስ፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም። በእነዚህ ቀናት በሬ አይጠመድም፣ አውድማ አይወቃም። በግራና በቀኝ ቅዳሜና እሁድ ሲጨመሩበት ገበሬው ሰማዩን እያየ የሥራ ቀን ይቆጥራል። በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋ በልግ የሚዘሩት ደግሞ ውቂያውን ሳይጨርሱ ለሚቀጥለው እርሻ መዘጋጀት አለባቸው፤ የጥር ደመና ለእነርሱ ሌላ ትርጉም አለው።

እረፍቱ የማን ነበር?

በዓል ለበሬውና ለአራሹ እረፍት ነው። በእናቶቻችን ላይ ግን ሥራው የሚበዛው በዓል ሲደርስ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ከገባበት ቀን ጀምሮ ወተት ስለማይበላ ቅቤው ይጠራቀማል፤ ከፊሉ ለበዓሉ ወጥ፣ ከፊሉ ለዋዜማው ገበያ ነው። ጨው፣ በርበሬና የልጆች ልብስ የሚገዛው ከዚያ ብር፣ ከእንቁላሉና ከዶሮው ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል ቀሚሱ ከየት እንደሚመጣ የምታስበው እናት ናት።

ጠላው ብቻውን የሳምንታት ሥራ ነው። ገብሱ ተነክሮ ብቅል ይሆናል፣ ጌሾው ይወቀጣል፣ ጥንስሱ ይጣላል፣ ከዚያ ድፍድፉ ይመጣል። የሞተር ወፍጮ ወደ ገጠር ከመዝለቁ በፊት ይህ ሁሉ እህል የሚፈጨው በድንጋይ ወፍጮ፣ በሌሊት፣ በሴት ጉልበት ነበር። ውኃውና እንጨቱም እንዲሁ።

ከጉልበቱ በላይ ግን ከባዱ ሒሳቡ ነበር። እህሉ ጎተራ ሲገባ እናት በልቧ ትከፍለዋለች፤ ይሄ ለዘር፣ ይሄ እስከ አዲሱ እሸት ለቀለብ፣ ይሄ ለግብርና ለእዳ፣ ይሄ ለማህበርና ለተዝካር፣ ይሄ ለበዓሉ። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ የሚዳር ልጅ ካለ ሌላ ድርሻ ይጨመራል። ለገና ብዙ ጠላ መጥመቅ ማለት በሐምሌ አንድ እንጀራ ለሁለት መካፈል ሊሆን ይችላል። ጥቂት መጥመቅ ደግሞ በጎረቤት ዘንድ ማፈር ነው። ማንበብና መጻፍ የማያውቁት እናቶቻችን ይህን ሒሳብ ያለ ወረቀት ሠርተው ቤቱን ከክረምት አሻግረዋል። ዘር የሚቀመጥበትን ጎታ በልጆች ረሀብ ቀን እንኳ ላለመክፈት ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ የምናውቅ እናውቀዋለን።

ከቤተሰቡ በፊት ጎተራው ዘንድ የሚደርሱ

የእናቶች ሒሳብ የሚጀምረው ግን ሌሎች ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ነበር። የታሪኩ ዋና ነገር ይህ ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ገደማ በነበረው ክፉ ቀን የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ጨረሰው። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን በእጁ ቆፈረ፤ ዐፄ ምኒልክም ለአርአያ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ይነገራል። በዚያን ዘመን ወታደር በገበሬ ቤት እየተሠራ ይቀለብ ነበር። ወታደሩን ስታበላ፣ ስታጠጣና ስትፈጭለት የምትከርመው የገበሬው ሚስት ናት። ከክፉው ቀን ማብቂያ ገደማ ምኒልክ ለወታደሩ ቀለብ ከምርቱ አንድ አሥረኛ፣ አስራት፣ እንዲከፈል ያዘዙት ይህን ጭነት ለማቃለል ነበር።

አስራቱ ቀላል ቢመስልም በተግባር ሌላ ነበር። ምርቱ የሚለካው በግምት ስለነበር፣ የሚገምቱት ሰዎች ከፍ ካደረጉት አንድ አሥረኛው ከአንድ አሥረኛ ይበልጣል። ጭሰኛ በበዛባቸው በደቡብና በሸዋ አገሮች ደግሞ ከአስራቱ በተጨማሪ የባለመሬቱ ድርሻ ነበር፤ እንደ አገሩና እንደ ውሉ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩሌታ። በብዙ ቦታ ባለመሬቱ ወይም ወኪሉ መጥቶ ሳያካፍል ምርቱ ከአውድማ አይነሳም ነበር፤ ወኪሉ ከዘገየ እህሉ ሜዳ ላይ ያድራል፣ በዓሉም ሊደርስበት ይችላል።

በገናና በፋሲካ ደግሞ እጅ መንሻ አለ። በግ፣ ዶሮ፣ ማር፣ ማገዶ ወደ ጌታው ቤት ይሄዳል። የገባር ሴቶች ለጌታው ቤት እህል ይፈጫሉ። በገና ጨዋታ ሜዳ ላይ ሎሌው ጌታውን ቢመታው አይቀየምም ይባል ነበር። ጨዋታው ሲያበቃ ግን ሎሌው ሎሌ፣ ጌታውም ጌታ ነው፤ ከገና በኋላ ባለው ማግስትም ድርሻው ይጠበቃል።

ርስት በጸናበት በጎጃም ገበሬው ጭሰኛ ባይሆንም ሌላ ፍርሃት ነበረው፤ መሬቱ ከተለካ እጁ ይወጣል የሚል። በ1960 አስራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር እንዲተካ ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ አመፀ። ገማቾቹን አላስገባም አለ። መንግሥት ጦር ላከ፣ ከአየርም ደበደበ፤ በመጨረሻ ግን ውዝፉን ግብር ተወለት። በታሪክ መጻሕፍት ይህ የወንዶች አመፅ ተብሎ ይነገራል። ባሎቻቸው ጫካ ሲገቡ እህሉን የደበቁት፣ ስንቁን የቋጠሩትና ከብቱን የጠበቁት ግን ሴቶቹ እንደነበሩ ማንም የገጠር ሰው ያውቀዋል።

ከ1967 ወዲህ

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ጭሰኛው ከባለመሬቱ ድርሻና ከእዳው ነፃ ወጣ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። አዋጁ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ በፆታ ልዩነት ሳይደረግ መሬት እንደሚሰጥ ይል ነበር። ይህ ቃል ለሴቶች ትልቅ ነበር። በተግባር ግን በገበሬ ማህበሩ መዝገብ የተጻፈው በአብዛኛው የቤቱ አባወራ ስም ነው፤ ሴቲቱ በስሟ የምትመዘገበው ባሏ ሲሞት ወይም ስትፈታ ነበር።

የዚያ ዓመት ሰብል ሲገባ የባለመሬቱ ወኪል አልመጣም። ብዙም ሳይቆይ ግን ሌላ እጅ መጣ። መንግሥት ከገበያ በታች በሆነ በራሱ ዋጋ እህል በኮታ ይገዛ ጀመር። ምርቱ ያነሰበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። ኮታው የቀረው በ1982 በወጣው የኢኮኖሚ ፖሊሲ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ዘመናት መሐል ሁለት ጊዜ፣ በ1965ና 66፣ ከዚያም በ1976ና 77፣ አውድማው ራሱ ባዶ ሆነ። ከወሎ የመጣን አባላት ስለነዚያ ዓመታት ገና ከእናቶቻችን የሰማነው ያው አንድ ነገር ነው፤ ዘር ተበላ። ዘር ከተበላ ዝናብ ቢመጣም የሚዘራ የለም፣ በሬ ከተሸጠም ዘር ቢገኝ የሚያርስ የለም። ረሀብ ከአንድ ዓመት ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው በዚህ በኩል ነው።

ዛሬ ጥር ላይ ጎተራውን የሚከፍት ምንድን ነው?

ዛሬ አስራት የለም፣ ኮታም የለም። ከ1987 ጀምሮ ግን የማዳበሪያና የምርጥ ዘር አቅርቦት በስፋት ገጠር ገባ፤ ብዙው በብድር ነበር። ብድሩ የሚሰበሰበው ምርት እንደገባ፣ በእነዚሁ በበዓል ወራት ነው። የመሬት ግብሩም አብሮ ይመጣል። ሁሉም ገበሬ በአንድ ጊዜ እህሉን ገበያ ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል። በ1994 ጥሩ ምርት ተገኝቶ ሳለ የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወርዶ ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ እዳውን መክፈል አቅቶት ነበር። ሰብሉ የሰመረበት ዓመት እዳ የበዛበት ዓመት ሆነ።

ጥር ላይ በርካሽ የሸጠው ቤተሰብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያንኑ እህል በውድ ይሸምታል። ልዩነቱን የሚከፍለው ማነው? ዶሮዋን፣ ቅቤዋንና በጓን የምትሸጠው እናት ናት። የባለመሬቱ ወኪል ቀርቷል፣ ቀኑ ግን አልተለወጠም፤ ዛሬም የእናት ሒሳብ የሚጀምረው ሌላው ከወሰደ በኋላ ነው።

የተሻለም ነገር አለ። በአማራ ክልል ከ1995 ገደማ ጀምሮ የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም፣ ፎቶግራፋቸውም አብሮ ገባ። ብዙ እናቶች በሕይወታቸው መጀመሪያ ፎቶ የተነሱት ለዚህ ደብተር ነው። ስሟ ደብተሩ ላይ ያለ ሴት እህሉ መቼና ስንት ይሸጥ ሲባል ቃል አላት።

እኛስ ምን እናድርግ?

አያቶቻችን ለዚህ ወቅት መረዳጃ ነበራቸው። ወንፈል የጉልበት ብድር ነው፤ ዛሬ ለአንቺ፣ ነገ ለእኔ። በሬ የሌላት ባልቴት ደቦ ጠርታ በጠላና በእንጀራ አውድማዋን ታስወቃ ነበር። የእኛም ማህበር ከዚያው ሥር የበቀለ ነው።

ስለዚህ ለውይይት አንድ ነገር እናቀርባለን። አብዛኞቻችን ለወላጆቻችን ብር የምንልከው በገና ዋዜማ ነው፤ ለበግና ለልብስ። ያ ብር ሲደርስ እህሉ ቀድሞ ተሽጦ እዳ ተከፍሎበት ሊሆን ይችላል። ከብሩ ከፊሉን ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ «ይሄ ለማዳበሪያው እዳና ለግብሩ ነው፣ እህሉን አትንኩት» ብለን ብንልክ፣ ወላጆቻችን እስከ ግንቦት ወይም ሰኔ ጎተራቸውን ሳይከፍቱ ሊቆዩ ይችላሉ። በጉ ቢያንስ፣ ዘሩና ቀለቡ ይተርፋል። በአንድ ጊዜ ያን ያህል ማውጣት ለማትችል አባል ደግሞ ከማህበሩ ካዝና በየወሩ የሚመለስ አነስተኛ ብድር ይፈቀድላት እንደሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበት። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዳችን ወደ ቤት ደውለን አባታችንን «በዓሉ እንዴት ነው?» ካልን በኋላ እናታችንን ለብቻዋ እንጠይቃት፤ ዘንድሮ ጥር ላይ ስንት እህል ይሸጣል፣ ለምንስ እዳ? መልሱን ይዘን ስብሰባ እንምጣ።

መልካም ገና፣ መልካም ጥምቀት ይሁንልን። ጎተራውን የሞላ ያድርግልን።