ሜንተር ወይስ መካሪ ዘካሪ?

«ሜንተር» በየሥልጠናውና በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ቃል ሆኗል። አለቃውም፣ አሠልጣኙም፣ ተከፍሎት የሚያማክረውም በዚሁ ሲጠራ እሰማለሁ። ያሳዝነኛል፤ ቃሉ ከዚያ የከበደ ታሪክ አለውና። ሜንተር መጀመሪያ የሰው ስም ነበር። በጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር «ኦዲሴይ» ውስጥ ኦዲሴዎስ ወደ ትሮይ ሲዘምት ቤቱን በአደራ የተወው ለዚህ ለኢታካው ወዳጁ ነው። አባት 20 ዓመት ሳይመለስ ልጁ ቴሌማኮስ ጎረመሰ፤ እናቱን ለማግባት የሚፎካከሩ ወንዶችም ሀብቱን በልተው ሊጨርሱት ደረሱ። ያኔ የጥበብ እንስት አምላክ አቴና የሜንተርን መልክና ድምፅ ይዛ ልጁን አይዞህ አለችው፤ መርከብ አስገኘችለት፤ የአባቱን ወሬ ፍለጋም አብራው ተጓዘች። ስሙን የወል ስም አድርጎ ያስፋፋው ግን በ1699 እ.ኤ.አ. የታተመው የፈረንሳዊው ደራሲ የፌኔሎን «ቴሌማክ» የተባለው መጽሐፍ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህራን ቃሉን በዚህ ታሪክ ቢያስተምሩት ምንኛ ደስ ባለኝ! ልጅ «ልምድ ያለው አማካሪ» የሚለውን ፍቺ ለፈተና ሸምድዶ ይረሳዋል፤ አባቱን የሚጠብቀውን ቴሌማኮስን ግን አይረሳም። በአማርኛስ ምን እንበለው? «አማካሪ» አይበቃም፤ ድርጅትም የሕግ አማካሪ አለው። እኔ «መካሪ ዘካሪ»ን እመርጣለሁ። «ዘከረ» በግዕዝ አሰበ፣ አስታወሰ ነው፤ የሜንተርም ስም ከማሰብ ሥር እንደመጣ ይነገራል። ደግሞም አንድን ወጣት «መካሪ ዘካሪ አጣ» ስንል፣ የጎደለው ምክር ብቻ ሳይሆን የሚያስብለት ሰው መሆኑን ሁላችንም እንረዳለን።