«ለድል ቆፍሩ»፦ የብሪታንያ ጓሮዎችና የጦርነቱ ዘመን የክረምት ስንቅ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በብሪታንያ ስለተካሄደውና «ለድል ቆፍሩ» ስለተባለው የጓሮ አትክልት ዘመቻ ሲወሳ፣ ዘወትር ጎልቶ የሚነሣው በጸደይ የሚዘራው ዘርና በበጋ የሚለቀመው ምርት ነው። ይሁን እንጂ የዘመቻው ዋነኛ ፈተና የነበረው፣ ከፍተኛው ድካምና ብልኃትም የፈሰሰበት፣ በመጸው ወራት ማለትም ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ ለመጪው ክረምት ይደረግ የነበረው ዝግጅት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ክረምት የተባለውም የዝናቡ ሳይሆን የውርጩና የበረዶው ወቅት ነው።

ጦርነቱ በሴፕቴምበር 1939 ሲታወጅ ብሪታንያ ከምትመገበው ምግብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በመርከብ ከውጭ ታስገባ ነበር፤ በ1917 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የንግድ መርከቦቿን እያሰጠሙ ያደረሱባት ጭንቀትም ገና ከሰው ልብ አልጠፋም ነበር። የግብርና ሚኒስትሩ ሰር ሬጂናልድ ዶርማን ስሚዝ በኦክቶበር 1939 በራዲዮ ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ግማሽ ሚሊዮን ተጨማሪ አሎትመንት እንዲያለማ ጠየቁ። አሎትመንት የሚባለው የአካባቢ አስተዳደሮች የጓሮ መሬት ለሌላቸው ነዋሪዎች በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጡት ቁራሽ መሬት ሲሆን፣ የተለመደው ስፋቱ 250 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ አስተዳደሮቹ ይህን መሬት እንዲያቀርቡ የሚያስገድደው ሕግም በ1908 የወጣ ነበር። ሚኒስትሩ እንዳሉት እነዚህ ቦታዎች በሚገባ ከለሙ አንድ ሚሊዮን አዋቂዎችንና አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕፃናትን ከዓመቱ 12 ወራት 8ቱን ድንችና አትክልት ሊመግቡ ይችላሉ። ተስፋው ታላቅ ቢሆንም የቀሩት 4 ወራት ጉዳይ በስሌቱ ውስጥ ክፍት ሆኖ ቀርቷል፤ የዘመቻው ቀጣይ ታሪክም በአብዛኛው ይህን ክፍተት ለመድፈን የተደረገው ጥረት ታሪክ ነው።

የብሪታንያ አትክልተኞች «የረሃብ ክፍተት» የሚሉት ጊዜ፣ የክረምቱ ምርት አልቆ የአዲሱ ዓመት ምርት ገና ያልደረሰበት፣ በክረምቱ ማብቂያና በጸደይ የሚገኘው ጊዜ ነው። ከጦርነቱ በፊት አካፋ ጨብጠው የማያውቁ በርካታ ከተሜዎች በጸደይ ያገኙትን ሁሉ ዘርተው በጁላይና በኦገስት በሰላጣና በፎሶሊያ ሲጥለቀለቁ፣ በፌብሩዋሪ ብርድ ግን ጓሯቸው ባዶ ሆኖ ይታይ ነበር። የግብርና ሚኒስቴር ባሰራጫቸው በራሪ ወረቀቶች ላይ መሬቱን በሦስት ከፍሎ ሰብሎቹን በየዓመቱ እያፈራረቁ የመዝራትን ዘዴ በሥዕል ያሳየውና፣ ለበጋ ብቻ ሳይሆን ለክረምትም እንዲመረት የሚያሳስቡ ፖስተሮችን በየግድግዳው የለጠፈው ይህን ጉድለት ለማረም ነው። ምክሩ ቀላል አልነበረም፤ በጃንዋሪ የሚበላ ጥቅል ጎመን ችግኙ በበጋ መተከል ስላለበት፣ አትክልተኛው ፀሐይ በጠነከረችበት ወር ስለ በረዶ ማሰብ ነበረበት።

መጸው ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የድንች ጉዳይ ነበር። ድንች ውርጭ ካገኘው ይበሰብሳል፣ ብርሃን ካገኘው ደግሞ ይለመልምና መርዛማ ይሆናል፤ ጎተራ ወይም ምድር ቤት የሌለው ቤተሰብም ክላምፕ ወደሚባለው፣ የገጠር ገበሬዎች ከቀድሞ ጀምሮ ወደሚያውቁት የክምር ዘዴ መዞር ግድ ሆነበት። በደረቅ መሬት ላይ ገለባ በወፍራሙ ይነጠፋል፤ ያልቆሰለውና የደረቀው ድንች ብቻ ተመርጦ እንደ ቤት ክዳን ሁለት ጎኑ እያዘቀዘቀ ይከመራል፤ ዳግመኛ ገለባ ይለብስና ላቡ እስኪወጣ ጥቂት ቀናት ይቆያል። ከዚያም በዙሪያው እየተቆፈረ የሚወጣው አፈር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እስኪኖረው ከታች ወደ ላይ ይደረብበትና ዝናቡ እንዲንሸራተት በአካፋ ጀርባ እየተመታ ይለሰልሳል፤ አፈሩ የወጣበት ቦይ ደግሞ ውኃውን ያሻግራል። በክምሩ ጫፍ ላይ በየመካከሉ የገለባ እፍኝ ወደ ውጭ እንዲወጣ ይተዋል፤ ይህ መተንፈሻ ከተዘነጋ እርጥበቱ ታምቆ የዓመቱን ስንቅ ከውስጥ ያበሰብሰዋል።

ካሮት በሣጥን ውስጥ በደረቅ አሸዋ ተራ በተራ ይደረደር ነበር፤ የቀይ ሥር ቅጠልም ጭማቂው እንዳይፈስ በቢላዋ ሳይቆረጥ በእጅ ተጠምዝዞ ይነቀላል። ፎሶሊያ ለእያንዳንዱ ሦስት ፓውንድ አንድ ፓውንድ ጨው እየተነሰነሰ በማሰሮ ይታጨቅ ነበር። ባሮ ሽንኩርትና ካሮት የሚመስለው ነጩ ፓርስኒፕ ግን በመሬት ውስጥ መቆየት ይችላሉ፤ እንዲያውም ፓርስኒፕ ውርጭ ከመታው በኋላ ይበልጥ ይጣፍጣል። ሽንኩርት የተለየ ታሪክ አለው፤ አብዛኛው ከፈረንሳይዋ ብሪታኒ፣ ከቻነል ደሴቶችና ከመሳሰሉት የባሕር ማዶ ቦታዎች ይመጣ ስለነበር፣ በ1940 ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ስትወድቅ ከገበያ ጠፍቶ የዕጣ ሽልማት እስከ መሆን ደርሷል። ከዚያ በኋላ ሽንኩርትን በጓሮ ማብቀል፣ አንገቱ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ማስጣትና በገመድ ጎንጉኖ ነፋስ በሚያገኘው ጣሪያ ሥር መስቀል የእያንዳንዱ ቤት ሙያ ሆነ።

ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ ሥራው ወደ አፈሩ ይዞራል። ከባዱ ሸክላማ አፈር በመጸው ተገልብጦ ጓሉ ሳይከሰከስ ይተዋል፤ በጓሉ ውስጥ ያለው ውኃ በውርጭ ሲረጋ እየሰፋ፣ ሲቀልጥ ደግሞ እየላላ ስለሚሰነጣጥቀው፣ በጸደይ አፈሩ ለዘር የተመቸ ብናኝ ሆኖ ይገኛል። በከተማ የፈረስ ፍግ እያነሰ በመሄዱ የቅጠልና የወጥ ቤት ተረፈ ምርት ለኮምፖስት ይከመር ነበር፤ በ1942ም መንግሥት ናሽናል ግሮውሞር የተባለ፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሽ በእኩል መጠን የያዘ ማዳበሪያ ለጓሮ አትክልተኞች አቅርቧል።

ይህን ሁሉ ዕውቀት ለሕዝብ ያደረሰው በራሪ ወረቀት ብቻ አልነበረም። ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ በቢቢሲ ስለ አትክልት የሚያስተምረው ሲ. ኤች. ሚድልተን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አድማጮች ነበሩት፤ ተሰሚነቱም የመጣው እንደ አዛዥ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ይናገር ስለነበር ነው። ከ1941 ጀምሮ በበጋ የሰዓት አቆጣጠሩ ሁለት ሰዓት ወደፊት እንዲገፋ በመደረጉም ከፋብሪካ የሚወጣው ሠራተኛ በቀረው ብርሃን መሬቱን መንከባከብ ችሏል። ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋና ግን ለሴቶች ይገባል፤ የሴቶች ተቋም የተባለው የገጠር ማኅበር አባላት በ1940 ብቻ መንግሥት በመደበላቸው ስኳር ከ1,600 ቶን በላይ የማርማላታና የመሳሰለውን የፍራፍሬ ስንቅ አዘጋጅተዋል። በለንደን ግንብ ዙሪያ ያለው ጥንታዊ ቦይ የአትክልት ማሳ ሆኖ መነሣቱ ለፎቶግራፍ ያማረ ትዕይንት ቢሆንም፣ ክረምቱን ያሻገረው በየቤቱ ጓዳ የተደረደረው ማሰሮ ነበር። በተጨናነቁት የሠራተኛ ሰፈሮች መሬትም ጓዳም ያልነበረው ድኻ ግን ከዚህ በረከት የደረሰው ጥቂት ነው፤ ይህን ሳይጠቅሱ ዘመቻውን ማወደስ ፍትሐዊ አይሆንም።

በ1939 ከ800 ሺህ ብዙም የማይበልጡት አሎትመንቶች በ1943 ወደ 1.4 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ ሥጋ፣ ስኳርና ቅቤ በራሽን ሲታደሉ ድንችና አትክልት እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ያለ ራሽን ይሸጡ ነበር። ሰላም በወረደ ማግሥት ግን ብዙዎች አካፋቸውን አስቀመጡ፤ የ1947 መጀመሪያ ብርቱ ውርጭ በመላ አገሪቱ የተከመረውን ድንች እጅግ አበላሸ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም በጦርነቱ ስድስት ዓመታት ያልሆነው ሆኖ፣ ድንች በብሪታንያ በራሽን መታደል ጀመረ።