የካርቦን ቱቦዎች ብርሃን እንዴት ተገኘ

እ.ኤ.አ. በ1991 ጃፓናዊው ሊቅ ሱሚዮ ኢጂማ ካርቦን እጅግ ደቃቅ ቱቦ ሆኖ እንደሚገኝ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው አስታወቁ። በ1993 ደግሞ ግድግዳቸው አንድ የአቶም ንጣፍ ብቻ የሆነ ቱቦዎች ተሠሩ፤ ውፍረታቸውም አንድ ናኖሜትር፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው።

የሒሳብ ስሌት እንዳመለከተው፣ ንጣፉ እንደተጠቀለለበት አቅጣጫ፣ ከቱቦዎቹ ሲሶው የብረት፣ የቀሩት የሴሚኮንዳክተር ጠባይ አላቸው። ሴሚኮንዳክተሮቹ የተቀበሉትን ብርሃን በሌላ ቀለም መልሰው ሊሰጡ ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል የሚጠበቀው ብርሃን አልታየም።

ጉድለቱ የመለኪያ መሣሪያው ሳይሆን የናሙናው አዘገጃጀት ነበር። ቱቦዎቹ እንደ ነዶ እየተጣበቁ ስለሚያድሩ፣ አንዱ የተቀበለው ኃይል ብረት ጠባይ ወዳለው ጎረቤቱ ተሻግሮ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

በ2002 በሂውስተን ከተማ፣ በራይስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሪቻርድ ስሞሊና ብሩስ ዋይስማን ከባልደረቦቻቸው ጋር ቱቦዎቹን የሳሙና ጠባይ ባለው ንጥረ ነገር በተበጠበጠ ውሃ ውስጥ ጨምረው ከጆሮ በላይ በሆነ የድምፅ ሞገድ አናወጧቸው። ፈሳሹም በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከር ነዶዎቹ ዘቀጡ፤ ነጠላዎቹ ሳሙናውን ለብሰው ተንሳፈው ቀሩ። ብርሃን ሲበራባቸውም ዓይን በማያየው የታሕተ ቀይ ክልል አበሩ።

በዚያው ዓመት ከ30 የሚበልጡ የቱቦ ዓይነቶች እያንዳንዳቸው የሚቀበሉትና የሚሰጡት ቀለም ተለይቶ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪ አንድን ሴሚኮንዳክተር ቱቦ በሚሰጠው ብርሃን ብቻ ማንነቱን ለይቶ ለማወቅ ችሏል። ለዚህ ሁሉ በር የከፈተው ናሙናውን በትዕግሥት የመለየት ሥራ ነው።