ማር የበላው ስም

በሸዋ ከተሞች ጎሕ ሳይቀድ ከአጥር ሥር ዜማ ሲሰማ፣ ከእንቅልፉ የባነነ አባወራ «ላሊበላ መጣ» ይላል። መጣ የተባለው ንጉሡ አይደለም፤ ከተማውም ከላስታ ተነሥቶ ደጁ ድረስ አልተጓዘም። የመጣው የባለቤቱን ስምና ሥራ ከጎረቤት አጠያይቆ በስሙ ግጥም የሚገጥምለት፣ ሲሰጡት መርቆ፣ ሲነፍጉት ሸንቁጦ የሚያልፍ፣ ዜማውን የተወ ዕለት የሥጋ ደዌ ይይዘኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ነው። በሌላ ስሙ ሐሚና ይሉታል። እንግዲህ አንድ ቃል የቅዱስ ንጉሥ፣ በዓለም የታወቀ ከተማና የንጋት ለማኝ የጋራ ስም ሆኖ ይኖራል ማለት ነው። ሦስቱም በስሙ ሲጠሩ አንዱ በሌላው ሲያፍር አልታየም።

የስሙ አመጣጥ እንደ ባለቤቶቹ ሁሉ ብዙ ነው። የቤተ ክህነቱ ትርጓሜ በገድለ ላሊበላ ተጽፎ ይገኛል። ገድሉ ከንጉሡ ዘመን ብዙ ዘግይቶ የተጻፈ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ዡል ፔሩሾን ከፊሉን እ.ኤ.አ. በ1892 በፓሪስ አሳትሞታል። በገድሉ መሠረት ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ ከበበው፤ እናቱም ይህን አይታ ላሊበላ አለችው፤ ፍችውም ንቦች ጸጋውን ማወቃቸው ነው። በሕዝብ አፍ «ጸጋው» ወደ «ንግሥናው» ተለውጦ ይነገራል።

ትርጓሜው ያማረ ነው። ይሁንና ላሊበላ አራት ፊደል ብቻ ነው። ከነዚህ ከአራቱ ውስጥ ንቡ የት፣ ማወቁ የት፣ ጸጋውስ የት እንደተቀመጠ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ቀላል አይሆንም። ንቡን ማግኘት አያስቸግርም፤ «ላል» በአገው ልሳን ከንብና ከማር ጋር ተያይዞ ይተረጎማልና። የቀረው «በላ» ግን ማወቁንም ጸጋውንም ብቻውን እንዲሸከም ተፈርዶበታል። ከባድ ሸክም ነው።

አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ይህን ሸክም በአንድ ሣቅ አውርዶለታል። «ላል» ማር ከሆነ፣ «በላ» ደግሞ በላ ነው! ላል ይበላል፤ ማር ይበላል፤ ስሙም ላሊበላ። በገድሉ ንብ በሕፃኑ ላይ ሰፍሮ ይመሰክርለታል፤ በዚህኛው ግን የንቡን ማር የበላው ራሱ ሕፃኑ ነው። ምስክሩ ተበዳይ፣ የተመሰከረለትም ተከሳሽ ሆነው ቁጭ አሉ። ላስታ የነጭ ማር አገር ነው፤ በደጋው አገር ማር ለረጅም ዘመን ከግብር ዓይነቶች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ቀፎ ሰቅሎ፣ በጭስ ዓይኑ ቀልቶ ማሩን የሚቆርጠው አንዱ፣ ጠጅ አስጥሎ የሚጠጣው ሌላው በነበረበት አገር፣ ንጉሥን «ማር በላ» ብሎ መፍታት እንዲያው ከመሬት ተነሥቶ የመጣ ቀልድ ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛውን ፍች የጻፈው እንግዳ ነው። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1520 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ በ1540 ሊዝቦን ላይ በታተመው መጽሐፉ ላሊበላ ማለት ተአምር ማለት ነው ይላል። የንቡን ታሪክም ሰምቷል፤ ንቦቹ ሕፃኑን ሳይጎዱ እንዳጸዱት ጽፏል። ይኸው ሰው ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ጽፎ አያምኑኝም ብሎ ስለ ሰጋ፣ የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም መማሉ ይታወሳል። ለሕንፃዎቹ ሲምል ለስሙ ፍች ግን መሐላ አላስፈለገውም።

አንድ ስም ይህን ያህል ተረት የሚያፈራው ለምንድን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ሰባራ ባቡር የሚባለው ሰፈር እንዴት ስሙን እንዳገኘ ለማወቅ ተረት አያሻም። በዐፄ ምኒልክ ጊዜ የመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ተሰብሮ እዚያ ቆመ፤ ሰፈሩም ሰባራ ባቡር ተባለ። ስሙን ያወጣው ሕዝብና ዛሬ የሚጠራው ሕዝብ ቋንቋቸው አንድ ነው። በላስታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዛጉዌ ነገሥታት አገር የአገው አገር ነበር። ቋንቋው በዘመናት ብዛት ለአማርኛ ስፍራውን እየለቀቀ ሄደ፤ የአገው ወገን የሆነው ኽምጣንጋ ዛሬም የሚነገረው በዋግ በኩል ነው። ሰዎቹ ቋንቋ ሲለውጡ ተራራውና ምንጩ ስማቸውን አልለወጡም። አዲሱ ቋንቋም ያልገባውን ቃል እየሰማ፣ በራሱ ጆሮ እየሰነጠቀ፣ ግማሹን ማር ግማሹን በላ እያለ ይፈታው ጀመር። የቀልዱ መነሻ እንግዲህ የአንድ ቋንቋ መሸሽ ነው።

ከዚያው ከላስታ ተራሮች የሚመነጨው ተከዜም የራሱ ጨዋታ አለው። በግዕዝ «ተከዚ» ወንዝ ማለት ነው። ስለዚህ «ተከዜ ወንዝ» የሚል ተማሪ ሳያውቀው «ወንዝ ወንዝ» እያለ ነው። ስሙ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፈው በንጉሥ ዒዛና ድንጋይ ላይ ሠፍሮ ይገኛልና ስሕተቱ በዕድሜ የተከበረ ነው። በዚህ ረገድ ላስታ ብቻዋን አይደለችም። በእንግሊዝ አገር ኤቮን የሚባለው ወንዝ ስም በጥንቱ የኬልቶች ቋንቋ ወንዝ ማለት ነው። በዚያው አገር ብሬደን ሂል የሚባል ኮረብታ አለ፤ «ብሬ» በኬልቶች ቋንቋ ኮረብታ፣ «ደን» በጥንቱ እንግሊዝኛ ኮረብታ፣ «ሂል» ደግሞ በዛሬው እንግሊዝኛ ኮረብታ ነው። ተራ በተራ የመጡት ባለአገሮች እያንዳንዳቸው ኮረብታ ነው እያሉ አለፉ፤ ኮረብታው ሦስቴ ኮረብታ ሆኖ ቀረ።

ከተማው ላሊበላ ከመባሉ በፊት ሮሐ ይባል ነበር። ሊቃውንት ይህን ስም ዓረቦች አል ሩሃ ከሚሏት፣ ዛሬ በቱርክ ግዛት ውስጥ ኡርፋ ተብላ ከምትጠራው ከጥንቷ ኤዴሳ ጋር ያያይዙታል። ከዚያ ወዲህ የኢየሩሳሌም ስሞች ሁሉ ተሰብስበው መጡ፤ ጎልጎታ፣ ደብረ ዘይት፣ የአዳም መቃብርም ጭምር። ይህንንም ብዙዎች ሳላሕ አድ ዲን እ.ኤ.አ. በ1187 ኢየሩሳሌምን ከመያዙ ጋር ያያይዙታል። በዐለት ተቦርቡሮ የተሠራው ዮርዳኖስ መካከሉ ላይ የድንጋይ መስቀል ተተክሎበታል፤ በበጋ ጫማ ሳያረጥቡ ይሻገሩታል። ባሕሩን የሚከፍል ሙሴም ኢያሱም ሳያስፈልግ መሆኑ ነው።

ከከተማው ጥቂት ኪሎሜትሮች ወጣ ብሎ ደግሞ በዋሻ ውስጥ የተሠራው ነአኩቶ ለአብ ይገኛል። ስሙ የንጉሥ ስም ነው፤ ነገር ግን ስም ብቻ ሳይሆን ሙሉ የግዕዝ ዐረፍተ ነገር ነው፤ አብን እናመሰግነው ማለት ነው። ወዴት ትሄዳለህ ተብሎ «ነአኩቶ ለአብ» የሚል መንገደኛ፣ ለተጠየቀው መንገድ ምስጋና መለሰ ማለት ነው። ይምርሐነ ክርስቶስም እንዲሁ «ክርስቶስ ይምራን» የሚል ጸሎት ሆኖ ሳለ ንጉሥም ቦታም ነው። የዕለት ተዕለት አፍ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን እያላመጠ ናኩቶላብ አድርጎታል።

ይህ ከታየ በኋላ የገድሉን ጸሐፊ መልሶ ማድመጥ ተገቢ ይሆናል። ዐረፍተ ነገር በስምነት ይሸከሙ የነበሩ ነገሥታት ቤት ውስጥ፣ በአራት ፊደል ንብንም፣ ማወቅንም፣ ጸጋንም ፈልጎ መመርመሩ ያን ያህል የሚያስቅ አይደለም። የሚያስቀው አማርኛ የሰማው «በላ» ነው፤ እርሱንም የላስታ ሰው ማሩን እያቀረበ ለእንግዳው ይነግረዋል።